ከቡይት ራስ እስከ ጅንባር፦ ልጆች ይዞ በስሜን ተራሮች አንድ ሙሉ ቀን በእግር

ልጆች ይዞ ስሜን የሚወጣ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ መኪናውን እስከ ጨነቅ ካምፕ ነድቶ፣ ዋልያ ፈልጎ፣ በዚያው ቀን ይመለሳል። ለመኪና ጉብኝት ይሁን፤ ለእግር ጉዞ ግን ጨነቅ የመጀመሪያ ቀን ቦታ አይደለም። ካምፑ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ ትናንት ጎንደር ያደረ ልጅ እዚያ ወርዶ መሮጥ ሲጀምር ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ማታ ደግሞ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊይዘው ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ የሚመረጠው መንገድ ከቡይት ራስ ተነሥቶ፣ የገደሉን ጫፍ ተከትሎ ሳንቃ በር የሚደርሰውና ከዚያም ወደ ጅንባር ፏፏቴ ማያ የሚቀጥለው ነው። ቡይት ራስም ሳንቃ በርም 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ መንገዱ እየወጣ እየወረደ ይሄዳል እንጂ ረጅም አቀበት የለውም። ጭላዳ ዝንጀሮዎችም ገደሉም ገና ከመነሻው ይታያሉ፤ ልጅ ደግሞ የሚታይ ነገር ካለ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ የመኪናው መንገድ ከእግር መንገዱ ብዙ ስለማይርቅ ሳንቃ በር ላይ ጉዞውን ማቋረጥ ይቻላል። ወደ ግጭ ሜዳና ወደ እመት ጎጎ ጫፍ የሚወስደው መንገድ በውበት የሚበልጥ ቢሆንም መሐል ላይ የሚወጡበት በር የለውም፤ ስለዚህ ለሁለተኛው ጉዞ አቆዩት።

ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በላይ የሆነና መራመድ የለመደ ልጅ ሙሉውን መንገድ ይችለዋል። ከዚያ በታች ላለ ልጅ የኮርቻ በቅሎ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ሂዱ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ይዞ ይህን መንገድ መሄድ አይመከርም፤ ሕፃን ራሱን ሲያመው መናገር አይችልም፣ ልቅሶው ደግሞ የብርድ ይሁን የከፍታ ለመለየት ያስቸግራል። የልብ ሕመም፣ ከባድ አስም ወይም የደም ማነስ ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

መቼ ይሻላል?

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናቡና ጉሙ ከባድ ነው፤ ገደሉ አይታይም፣ መንገዱም ያዳልጣል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል፦ ሣሩ አረንጓዴ፣ አየሩ የጠራ፣ ጅንባር ሙሉ ነው። ታኅሣሥና ጥርም ጥሩ ናቸው፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፣ ጠዋትም ሣሩ ላይ ውርጭ ይገኛል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከቆላው የሚነሣው ብናኝ አየሩን ያደበዝዘዋል፤ ፏፏቴውም ይቀጥናል፣ አንዳንዴም የገደሉ ግድግዳ ላይ እንደ ክር ብቻ ይታያል። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር በእንግዳ ስለምትሞላ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ከፍታውን ማስለመድ

በ3,200 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሲሶ ገደማ ያንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀናት ያስፈልጉታል። ጉልበት ወይም ስፖርት መልመድ ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ እንዲያውም ጎበዝ ሯጭ የሆነ ወጣት ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ቀድሞ ሲታመም ይታያል።

አዲስ አበባ የሚኖር ቤተሰብ 2,350 ሜትር ላይ ስለሚያድር ግማሹን ሥራ ጨርሷል፤ ደባርቅ (2,850 ሜትር ገደማ) አንድ ሌሊት ማደር ይበቃዋል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከገልፍ አገሮች የመጣ፣ እንዲሁም ከመተማና ከሁመራ ቆላ የሚነሣ ቤተሰብ ግን ቢያንስ ሁለት ሌሊት አዲስ አበባ ወይም ጎንደር፣ ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት፣ ደባርቅ ይደር። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ በደረሳችሁበት ቀን ከተማው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ተንቀሳቀሱ፣ ውሃ ጠጡ፣ እራት ቀለል ይበል፣ አዋቂዎችም ጠላና አረቄውን ለመልስ ያቆዩት። ጠዋት ራስ ምታት ይዞት የተነሣ ሰው ካለ ያን ቀን አትውጡ።

በዋዜማው ከሰዓት የሚጨርሱት ጉዳይ

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው። በዋዜማው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ጠዋት እሠራዋለሁ ያለ ቤተሰብ ጊዜውን በወረፋ ሊያጠፋ ይችላል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ከገደሉ የጠራ ሰዓት ላይ የሚቀነስ ነው። የመግቢያ ክፍያው በዜግነት ስለሚለያይ የሁላችሁንም መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ፤ የምትከፍሉትንም በጥሬ ገንዘብ አዘጋጁ።

መሣሪያ የያዘ ስካውት መውሰድ ግዴታ ነው። አስጎብኚም ያዙ፤ ስካውቱ መንገዱን ጠንቅቆ ቢያውቅም ሥራው ጥበቃ ነው፣ ስለ እንስሳቱና ስለ ዕፀዋቱ ለልጆች የሚያስረዳው አስጎብኚው ነው። በቅሎ የምትፈልጉ ከሆነ የጭነትና የኮርቻ በቅሎ የተለያዩ መሆናቸውን አትርሱ፦ ለልጅ የሚሆነው ሰው ማስቀመጥ የለመደው፣ እርካብ ያለው ነው። ከባለቤቱ ጋር መነሻውን ቦታና ሰዓት በግልጽ ተነጋገሩ፤ በቅሎው ቡይት ራስ በ2 ሰዓት መገኘት ካለበት ባለቤቱ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አለበት።

ስለ መንገዱ ሰላም ጎንደር ላይም ደባርቅ ላይም ጠይቁ፤ ከደባርቅ የሚገኘው መረጃ የቅርብ ስለሆነ የመጨረሻውን ውሳኔ በእሱ አድርጉ። ከሾፌሩ ጋርም ሁለት ቀጠሮ ያዙ፦ 6 ሰዓት ላይ ሳንቃ በር፣ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ የጅንባር መገንጠያ። ስልክ መሐል ላይ ስለሚቋረጥ «ስንደርስ እንደውላለን» የሚባለው አይሠራም።

ጫማና ልብስ

አዲስ ጫማ ለዚህ ቀን አይደረግም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የተለመደ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ከፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ክፍተት ያለው ይሁን፤ ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ስለሚንሸራተት ጠባብ ጫማ ጥፍር ያጠቁራል። ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ። የሱፍ ወይም የስፖርት ካልሲ አድርጉ፤ የጥጥ ካልሲ ላቡን ይዞ ይቀመጥና ተረከዙን ይልጣል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቅያሪ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ።

አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ጎንደር ላይ ደስ የሚል ጠዋት ሳንቃ በር ላይ በ7 ዲግሪ ያህል ያነሰ ነው፣ ነፋሱ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ልብሱ በድርብ ይሁን፦ ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ካናቴራ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጅንስ ሱሪ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ጋቢ ለማታ ግሩም ነው፣ ለመንገድ ግን ከባድ ነው፤ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ኮፍያ ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል፣ ለጠዋቱ የሱፍ፣ ለቀኑ ክንፍ ያለው። በዚህ ከፍታ ፀሐዩ ብርድ እየተሰማችሁም ቆዳ ያቃጥላል፤ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፣ ከንፈርም ይሰነጠቃል። የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን ከመነሣታችሁ በፊትና ምሳ ላይ አፍንጫ፣ ጆሮና ማጅራት ሳይቀር ቀቡ፤ ለከንፈር ቫዝሊን።

የልጅ ቦርሳ ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛ መብለጥ የለበትም፦ 25 ኪሎ የሆነ ልጅ ከ2 ኪሎ ተኩል አይበልጥም። የራሱን ውሃ፣ ጃኬትና ቆሎ ይያዝ፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ ይንጠልጠል። ከተለያችሁ ሦስት ጊዜ ነፍቶ ባለበት መቆም እንዳለበት ማታ አለማምዱት፤ ሊፈልግ የሚሄድ ልጅ ወደ ገደሉ ሊሄድ ይችላል።

ስንቅና ውሃ

ለሁለት አዋቂና ለሁለት ልጆች ቀኑን ሙሉ 10 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ ለአዋቂ 3፣ ለልጅ 2 ሊትር። 10 ሊትር 10 ኪሎ ስለሆነ ሁሉንም አትሸከሙ፦ 5 ሊትሩን ይዛችሁ ተነሡ፣ ቀሪው ከምሳው ጋር በመኪና ሳንቃ በር ይጠብቃችሁ። ከመንገድ ዳር ምንጭ ያልተፈላ ውሃ አትጠጡ፤ ላይኛው ሜዳ ላይ ከብት ይሰማራል። ለልጆች ውሃውን በየ20 ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ ስጡ፤ በብርድ ጊዜ ጥም ስለማይሰማ እስኪጠይቁ መጠበቅ አይገባም። የሽንታቸው ቀለም ጠቆር ካለ ውሃ አንሷቸዋል።

ለስንቅ የአገራችንን ያህል የተመቸ የለም።

— የበሶ ጭብጦ፦ ግማሽ ኪሎ በሶ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ ጨው። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አጥብቃችሁ እሹትና በእንቁላል መጠን ጠቅልሉት። ከላላ ቦርሳ ውስጥ ይፈርሳል። በጾም ቀንም ይሆናል።
— ጭኮ፦ በብርድ ቅቤው ስለሚረጋ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ማታውኑ በጉርሻ መጠን ቆራርጡት።
— ቆሎ ግማሽ ኪሎ፣ ከኦቾሎኒ ወይም ከሱፍ ጋር። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን እየሄደ ቆሎም ኦቾሎኒም አይሰጠውም፤ ትን ይለዋል።
— ለምሳ አንድ ድፎ ዳቦ፣ 8 የተቀቀለ እንቁላል፣ 8 ሙዝ፣ በፔርሙዝ የተዘጋጀ ጣፋጭ ሻይ ወይም አጥሚት። ጥሬ ሥጋና ከባድ ወጥ በዚህ ከፍታ ሆድ ላይ ይቀመጣል።

ስካውቱንና አስጎብኚውን ከስንቁ አስቡ፤ እነሱ ቆመው እናንተ የምትበሉበት ምሳ አይጥምም።

በትንሽ ከረጢት፦ ፕላስተርና የስፖርት ማሰሪያ፣ ፓራሲታሞል፣ ሁለት ከረጢት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር (አንዱ በትክክል በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል)፣ የግንባር ባትሪ፣ ሶፍት፣ የእጅ ማጽጃና ሦስት ባዶ ፌስታል ለቆሻሻ።

ቀኑ በሰዓት

ከደባርቅ 12:30 ተነሡ። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ቡይት ራስ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መኪና የሚያዞረው ልጅ ከፊት ይቀመጥ፣ ቁርሱም ቂጣ ወይም ዳቦ በሻይ ብቻ ይሁን።

2 ሰዓት ላይ መራመድ ጀምሩ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የሚያበላሸው ፍጥነት ነው፤ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ አዋቂው ይከተላል፣ 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ይደክማል። ከሁሉ የዘገየው ልጅ ከአስጎብኚው ቀጥሎ ሁለተኛ ይሁንና ሁሉም በእሱ እርምጃ ይሂድ። መለኪያው ንግግር ነው፦ ልጁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ካልቻለ ፈጥናችኋል። በየ40 ደቂቃው 5 ደቂቃ አረፍ በሉ፤ ከዚያ ከበለጠ ላቡ ይቀዘቅዛል፣ እግርም ይከብዳል። ከተነሣችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ ግን አንድ ጊዜ ቆማችሁ ሹራብ አስወልቁ፣ የጫማ ክርም እንደገና እሰሩ።

ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ስለሚወጡ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ የማግኘት ዕድላችሁ ከፍተኛ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የሉም፤ ምግባቸውም በዋናነት ሣር ነው። ልጆቹን ከ10 ሜትር ያላነሰ ርቀት ላይ አስቀምጧቸው፤ ቁጭ ብለው ዝም ካሉ መንጋው ራሱ እየነጨ ይጠጋል። ወንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ ተቆጥቷል ወይም ፈርቷል፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። በመንጋውና በገደሉ መካከል አትግቡ፤ መሸሻቸው ገደሉ ስለሆነ መንገዱን ትዘጉባቸዋላችሁ። ምግብ መስጠት ፈጽሞ አይገባም፦ ከሰው እጅ የለመደ መንጋ ውሎ አድሮ ከእርሻ ይገባል፣ ከገበሬውም ጋር ይጣላል። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ግን በዚህ መንገድ አይጠበቁም፤ ልጆቹ እንዳያዝኑ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በምትኩ ሰስ የተባለው ትንሽ ሚዳቋ ቋጥኝ ላይ ቆሞ፣ አጥንት ከላይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማም አሞራም ከእግራችሁ በታች ሲያንዣብብ ልታዩ ትችላላችሁ።

6 ሰዓት ገደማ ሳንቃ በር ትደርሳላችሁ። ከነፋስ ተከልላችሁ ምሳ ብሉ፤ ስንቁን ገልጣችሁ ከሄዳችሁ ቁራዎቹ አይምሩትም። ጫማ አስወልቃችሁ የእያንዳንዱን ልጅ እግር እዩ፣ ካልሲ ቀይሩ።

ቀጣዩን ውሳኔ ከቤት ሳትወጡ ወስኑት፦ ሳንቃ በር ከ7 ሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ፣ ወይም አንድ ሰው እንኳ ራሱን ካመመውና ምሳ እምቢ ካለ፣ የእግር ጉዞው እዚያ ያበቃል። ጅንባርን ማየት ከፈለጋችሁ በመኪና እስከ መገንጠያው ሂዱ፤ ከዚያ ወደ ማያው አስታ በተባለው ዛፍ መካከል የሚወስደው መንገድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ሕግ ለልጆቹም ማታ ንገሯቸው፤ ቀን ላይ «ትንሽ ብቻ ቀረን» የሚለው ክርክር የሚነሣው ሁሉም ሲደክም ነው።

ደህና ከሆናችሁ 7 ሰዓት ላይ ቀጥሉ። መንገዱ መጀመሪያ በጠባብ ሸንተረር፣ ኋላ የአስታና የአሜጃ ዛፍ በበዛበት ጥላ ውስጥ ያልፍና ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ከጅንባር ፊት ለፊት ያወጣችኋል። ውሃው ወደ ግጭ ጥልቅ ሸለቆ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ማያው ጠባብ ስለሆነ በሁለት በሁለት ሆናችሁ ቅረቡ። ከሰዓት በኋላ ከቆላው ጉም እየወጣ ሸለቆውን ይሸፍናል፤ 10 ደቂቃ ብትታገሡ ብዙ ጊዜ ይገለጣል። 9:45 መኪና ላይ፣ 11:30 ደባርቅ፤ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ለአደጋ የሚሆን ትርፍ ሰዓት አላችሁ።

ገደሉ

የሰሜኑ ግድግዳ በአንዳንድ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ አጥር የለውም። ሣሩ ከጫፉ ወደ ውጭ ስለሚያድግ ጠንካራ መሬት የሚመስለው ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከጫፉ 3 ሜትር ላይ መቆም፣ ከዚያ ወዲያ ማየት የፈለገ በደረቱ ተኝቶ፣ አዋቂም እግሩን ይዞት ይሁን። ሲሄዱ ልጁ በተራራው በኩል፣ አዋቂው በገደሉ በኩል። ገደል ለገደል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ላይ ልጁን ከበቅሎ አውርዱት፤ በቅሎ በባሕርይዋ ዳር ዳሩን ትይዛለች። ፎቶ ለማንሣት ወደ ኋላ መራመድ አይፈቀድም፤ ፎቶ የሚያነሣው ቆሞ ነው፣ የሚሄደው ስልኩን ኪስ ከትቶ ነው። ነጎድጓድ ከተሰማ ከሸንተረሩ ወደ ዝቅታው ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍም ራቁ።

ሲበላሽ

የከፍታ ሕመም በልጅ ላይ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይመስላል፦ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ የሚወደውን ምግብ እምቢ ማለት፣ መጫወት ማቆም። ትልልቆቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ይላሉ። ቁሙ፣ ውሃ ስጡ፣ ግማሽ ሰዓት አስርፉ። ፓራሲታሞል ለልጅ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል (ለ20 ኪሎ ልጅ ከ200 እስከ 300)፤ አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ሕመሙ ካልለቀቀ ወደ መኪናው ውሰዱት፤ ሕመሙን በኪኒን አፍኖ መቀጠል አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም የሚያስጠነቅቃችሁን ምልክት አጠፋችሁት። ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ካቃተው፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ወይም ንግግሩ ከተደባለቀ አንድ ደቂቃ ሳታባክኑ ወደ ታች ውረዱ። ደባርቅ ከቡይት ራስ ብዙ ዝቅ ስለማይል እዚያ አታሳድሩት፤ ጎንደር ሆስፒታል አድርሱት።

ተረከዝ መሞቅ ሲጀምር ያኔውኑ ቁሙ። ቆዳው ገና ቀይ እያለ ፕላስተር ካለበሳችሁት ይድናል፤ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ግን አታፍርጡት፣ ዙሪያውን በማሰሪያ ከፍ አድርጋችሁ ሸፍኑት። በበረዶ ዝናብ የራሰና የሚንቀጠቀጥ ልጅ መጀመሪያ እርጥቡ ይውለቅለት፣ ደረቅ ይልበስ፣ ከዚያ ጣፋጭ ሻይ ይጠጣ፤ በእርጥብ ልብስ ላይ ጃኬት መደረብ ብርዱን ከውስጥ መዝጋት ነው።

ማታ

ለስካውቱ፣ ለአስጎብኚውና ለበቅሎው ባለቤት የተስማማችሁትን እዚያው በየእጃቸው ክፈሉ፤ በአንዱ በኩል የተላከ ጉርሻ ለሌላው ላይደርስ ይችላል። ቆሻሻችሁን በፌስታል ይዛችሁ ደባርቅ ጣሉት፣ የሙዝና የእንቁላል ልጣጭ ሳይቀር። እግር በሞቀ ውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ እራት ሾርባ ወይም ትኩስ ሽሮ። ልጆቹ ተኝተው ሳለ አንድ ጊዜ፣ 5 ሰዓት አካባቢ፣ ቀስቅሳችሁ ራሳቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠይቁ፤ የከፍታ ሕመም ከጉዞው በኋላ ባሉት ሰዓታት ሊጠነክር ይችላል፣ ልጅ ደግሞ ድካም ነው ብሎ ዝም ይላል። ሾፌሩም በዚያ ሌሊት ስልኩን እንዳይዘጋ ንገሩት።